የድንኳኑ ብረት እኔ ቤት ነው

ማክሰኞ

ደምሴ ዛሬም መጣ። ሳይቀመጥ ጀመረ። «እሑድ ቶሎሳ የእድሩን ዳኝነት ሲረከብ አጨበጨብክለት አይደል?» አለኝ። አዎ፣ አጨብጭቤያለሁ። አዳራሹ ሙሉ አጨብጭቧል። እጁን ካፖርቱ ውስጥ ከቶ የተቀመጠው እሱ ብቻ ነበር።

ሰው ፊት ጋሼ ነው የምለው። የባለቤቴ የወይንሸት ታላቅ ወንድም ነው፤ አሳድጎ የዳራትም እሱ ነው። እዚህ የሚሰማኝ ስለሌለ ደምሴ ልበለውና ይውጣልኝ። ገብስ ነጋዴ ነው፤ ሲናገር ኩንታል የሚያራግፍ ይመስላል። እድራችን ለሁለት ሳይከፈል በፊት ዳኛው እሱ ነበር፣ ለብዙ ዓመት።

የተከፈልነው በአንድ ለቅሶ ነው። ሟቹ ኦርቶዶክስ፣ ልጆቹ ጴንጤ። ድንኳኑ ውስጥ ቄሶቹ ጸሎት ሲያደርሱ ልጆቹ መዝሙር አነሱ። ግፊያ፣ ስድብ፣ የተገለበጠ አግዳሚ። ከዚያ ወዲያ ኦርቶዶክሶቹ «እኛ»፣ ጴንጤዎቹ «እነሱ» ሆንን። የአሰላ ሰው፣ ያውም አጥር የሚጋራ ሰው፣ የጎረቤቱ ሬሳ ሲወጣ በመስኮት አይቶ ቀረ። እኔም አይቼ ቀርቻለሁ።

ያስታረቁን ሐጂ አማን ናቸው። ከሁለታችንም ስላልሆኑ ሁለታችንም እናምናቸዋለን። ስምምነቱን ያረቀቅኩት ግን እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥነ ዜጋ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ ሥልጣን መጋራት ከተባለ ከእኔ በላይ ላሳር! ዳኝነቱ በየዓመቱ ይፈራረቃል። ዳኛው ከእነሱ ሲሆን ምክትሉ ከእኛ። የድንኳኑ ሸራ እነሱ ጋ፣ ብረቱ እኛ ጋ ይቀመጣል፤ አንዳችን ያለ አንዳችን ድንኳን መትከል እንዳንችል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሐጂ አማን ሳይቀሩ «አይ መምህር!» ብለው አድንቀውኛል። ብረቱ ያለው እኔ ሰርቪስ ቤት ነው። ቁልፉ አንድ ነው፣ እኔ ኪስ።

ደምሴ የሚመላለሰው ለዚያ ቁልፍ ነው። «የመጀመሪያው ለቅሶ ሲመጣ ይጥፋ። ለአንድ ቀን ብቻ። ቶሎሳ ድንኳን እንኳ ማቆም አልቻለም ይባል። ሕዝቡ ራሱ ይመልሰናል።»

«እናያለን» አልኩ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እናያለን ማለት ምን ማለት ነው? እሺ ማለት ነው።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ጭጋግ። የጭላሎ ተራራ ከነመኖሩም አይታወቅም።

ቶሎሳን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። አንድ ትምህርት ቤት ነው ያረጀነው፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ሥነ ዜጋ። ጠመኔ ስንዋዋስ ኖረናል። እናቱ፣ አደ መገርቱ፣ እህል እምቢ ብለዋል። ከሲሬ አምጥቷቸው እሱ ጋ ከተቀመጡ ቆይተዋል፤ በየበዓሉ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽተው ጩኮ የሚልኩልኝ እናት ናቸው። ተከፋፍለን በነበረበት ጊዜ እንኳ አላቋረጡም። «እድር ነው የተከፈለው፣ ሆድ አልተከፈለም» ብለው ነበር አሉ።

«አንተ ምክትሌ ነህ» አለኝ ቶሎሳ። «አግዳሚዎቹን ቀለም እናስቀባ። የመጀመሪያው ሥራችን ቢያንስ የሚታይ ይሁን።» ደስ ብሎታል። ፊቱ ላይ የእናቱ ሕመምና የአዲሱ ሹመት ደስታ አብረው ነበሩ። ስለ ደምሴ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ስለ ቀለሙ ጠየቅኩት።

የምፈራቸው ነገሮች፦

ደምሴ ይቀየመኛል። ወይንሸት መሀል ቤት ትጎዳለች። የእኛ ሰዎች «ሰላይ» ይሉኛል። ለቶሎሳ ብነግረው በስብሰባ ያወጣው ይሆናል። ባልነግረው ደግሞ...

አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጠይቃኝ ነበር። «ቲቸር፣ ስምምነቱን የሚያፈርሱት የፈረሙት ራሳቸው ከሆኑስ?» አልኳት፦ «ስምምነትን ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው ጠላት ሳይሆን ከገዛ ወገኑ ውስጥ ሥልጣን የቀረበት ሰው ነው፤ ስለዚህ ወገን የራሱን ሰው መግራት አለበት።» ምን ያምራል! ሰሌዳ ላይ ሁሉ ጽፌዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት እዋሻለሁ። ደምሴን ፈርቼ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ዳኛ በዕጣ ሲወጣ ለእኔ ይወጣል ብዬ ነበር። ያረቀቅኩት እኔ ነኛ! ለቶሎሳ ወጣ። ሳጨበጭብ መዳፌ ብቻ ነበር የሚያጨበጭበው። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ቢደናቀፍ አልጠላም ነበር።

ሐሙስ

ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባ ተነፋ። አደ መገርቱ አረፉ።

ወይንሸት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። እኔ ጫማዬን እያሠርኩ ሳለ ስልክ ጮኸ። ደምሴ ነው። «ሰማህ አይደል?» አለ። ሰማሁ። «እንግዲህ ጠፍቷል» አለና ዘጋ።

ጫማዬን ፈታሁት።

ዝናቡ ወዲያው ጀመረ፤ የክረምት ዝናብ፣ የማያባራው ዓይነት። ቶሎሳ ደወለ። አላነሳሁም። እንደገና ደወለ። ስልኩን ትራስ ስር ከተትኩት። ዝም ያለ ቤት ስላስፈራኝ ሬዲዮ ከፈትኩ። የየትኛው አገር እንደሆነ እንጃ፣ የሰላም ስምምነት ተፈራርመው ጫካ ስለተመለሱ ሰዎች ያወራል። ሌላ ወሬ ጠፍቶ!

ከዚያ የአጥር በሩ ተንኳኳ። ቆርቆሮ ስለሆነ ይጮኻል። «ጌታሁን! መምህር!» ቶሎሳ ራሱ ነው። እናቱ የሞተችበት ሰው ለቅሶውን ትቶ ይወጣል? ሰው ይልካል እንጂ። ራሱ መጣ። ሬዲዮውን ዘጋሁትና ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንፋሼን ይዤ። በዚህ ሽበቴ፣ ብድር እንደሸሸ ጎረምሳ። «ጌታሁን፣ ብረቱን ፈልገን ነው» አለ። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ቆሞ ነው ወይስ ሄዷል? አላወቅኩም። ለማየት አልተነሳሁም።

ወይንሸት በስብሳ መጣች። ሰዉ በየጣሪያው ሥር ተለጥፏል፤ ከአቦምሳ የመጡ ዘመዶች መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አሮጊቶቹ ማድ ቤት ውስጥ ታጭቀዋል። «ብረቱስ? የት ነበርክ?» አለችኝ።

«ቁልፉ ጠፋብኝ። ስፈልግ ነው የዋልኩት።»

እርጥብ ቀሚሷን ሳትቀይር መፈለግ ጀመረች። ፍራሹን አነሳች። የቡና ዕቃው ሥር፣ የጫማዎቹ ውስጥ፣ የመጋረጃው ኪስ። እኔ ቆሜ አየኋት። ቁልፉ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ጭኔን ይነካኛል። «አይዞህ፣ ይገኛል» ትለኛለች ደግሞ።

ዓርብ

ቀብሩ ዛሬ ነበር። መቅረት አይቻልም፤ ሄድኩ።

የቶሎሳን ግቢ ስገባ ያየሁትን መርሳት የምችል አይመስለኝም። ሸራውን ዘርግተውታል። ብረት የለም፤ ሰዎች በእጃቸው ወደ ላይ ይዘውታል። ዙሪያውን ወንዶች ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሥሩ ሴቶቹና ሬሳው። መሀሉ ላይ ውሃ ሲያቁር አንዱ በዱላ ከሥር ይገፋዋል፤ ውሃው ደግሞ በያዙት ሰዎች ክንድ ላይ ይወርዳል። አንዱን ጥግ የያዙት ሐጂ አማን ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው። «ልቀበልዎት» ሲሏቸው እምቢ ይላሉ።

ከእኛ ሰዎች ጥቂቶች መጥተው ሸራ ይዘዋል። የደምሴ ወዳጆች የሉም።

ሐጂ አማን አጠገብ ሄድኩ። «ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው» አልኳቸው። ሳይጠይቁኝ። «አብሽር መምህር» አሉኝ፣ «ሰው አይደል የሚረሳው? አንተም ደክመሃል።» አጽናኑኝ! ለቅሶ ቤት ሄጄ እኔ ተጽናናሁ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የባሰውን ገና አልጻፍኩም። ከቶሎሳ ወገን ወጣቶቹ «ጓጉንቸሩን እንስበረዋ!» አሉ። ቶሎሳ ቀና ብሎ አየኝ። ልክ እሺ ልል ስል የገዛ አፌን ሰማሁት፦ «የጋራ ንብረት ስለሆነ የሁለቱም ወገን ተወካዮች በተገኙበት ካልሆነ አይሰበርም። ስምምነታችን እንደዚያ ይላል።» በአስተማሪ ድምፄ። ወጣቶቹ ተያዩ። ቶሎሳ «እንደ ስምምነቱ ይሁን» አለና ዓይኑን ወደ እናቱ መለሰ።

ሐዘንተኞቹ ሴቶች ቶሎሳን «ጃባዱ፣ ጃባዱ» እያሉ ያበረቱት ነበር። እኔ ሸራ ያዝኩ። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩ። ይህ ደግሞ ምን ይባላል? በአንድ እጅ አፍርሶ በሌላው መደገፍ።

ከቀብር ስንመለስ ፊት ለፊቴ የሚሄዱ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ለእናቱ ድንኳን ያላቆመ ዳኛ ለእኛ ሊያቆም?» የደምሴ ሐሳብ ሠርቷል ማለት ነው።

ቅዳሜ

ደምሴ በጠዋት ደወለ። ድምፁ ሠርገኛ ነው። ነገ ስብሰባ ይጠራል፤ ስምምነቱ ፈርሶ የድሮው እድር በድሮው ዳኛ እንዲመለስ ያስወስናል። በዚያኛው ወገን ደግሞ ወጣቶቹ «የእነሱ ሰው ሲሞት እኛም ሸራውን እንደብቃለን» እያሉ ነው አሉ። አለቀ። ያ ሁሉ ሽምግልና በአንድ ቁልፍ። አሁን ማን ቢሞት፣ ከእኛም ከእነሱም፣ ዝናብ ላይ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ስወጣ ወይንሸት መዶሻ ይዛ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልሰብረው። ለቅሶው ዛሬም አለ፤ ሰዉ ዛሬም ይረጥባል። አንተ አንቀጽ አለህ፤ እኔ አንቀጽ የለኝም።»

አንድ ጊዜ መታችው። ጓጉንቸሩ ፍንክች አላለም። ሁለተኛ ስታነሳ እጇን ያዝኩ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቁልፉን አወጣሁና ከፈትኩ።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። መዶሻውን መሬት አስቀመጠች። «እኔ ከነርጥበቴ ስፈልግ አንተ ቆመህ ታየኝ ነበር» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። «ጋሼ ነው ያዘዘህ?» ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ ወንድሟን ታውቀዋለች። የማታውቀው እኔን ነው።

የፈረስ ጋሪ ጠራሁ። ባለጋሪውና እኔ ብረቱን ጫንን፤ ወይንሸት ገመዱን አሠረች። መንገዱ በደምሴ መጋዘን በር ነው የሚያልፈው፤ ሌላ መንገድ የለም። በሩ ላይ ቆሞ ገብስ ያስመዝናል። ብረቱን አየ፤ እኔን አየ፤ እህቱን አየ። ሚዛኑ ላይ ያለው ኩንታል ተረሳ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ጀግና ነኝ የምል እንዳይመስል፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ሬሳው ከተቀበረ በኋላ።

ድንኳኑ ቆመ። ለቀረው የለቅሶ ጊዜ።

ቶሎሳን ወደ ጓሮ ጠርቼ ልነግረው ጀመርኩ። «ያ ቁልፍ...» አልኩ። አስቆመኝ። «ጌታሁን፣ ሬዲዮውን ስትዘጋው ሰማሁ» አለ።

ውሃ የሞላ በርሜል ነበር፣ እሱን ተደገፍኩ።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርክም? ሰው ሁሉ ባለበት?»

«ምን ብዬ? የእናቴ ሬሳ ላይ ሌላ ግፊያ ላስነሳ?» አለ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እናቴ ስትደክም ‹ድንኳን ሰፊ አድርጉልኝ፤ ሁለቱም ወገን ይገባልኛል› ብላ ነበር። ሰፊ አድርጌ ላሳያት ነበር።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ አነሰ። አልኩት፤ ግን አነሰ።

እሑድ

ስብሰባው የቀበሌው አዳራሽ ነበር። ሞልቷል። በአንድ ወገን እኛ፣ በሌላው እነሱ፤ እንደ ድሮው መሀል ላይ መተላለፊያ ትተን።

ደምሴ ተነሳ። «ለገዛ እናቱ ድንኳን ያላቆመ...» እያለ ዘረዘረ። ከእኛ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶሎሳ መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ሁለት ቃል ብቻ ቢናገር እኔንም ደምሴንም ይቀብረን ነበር። እጆቹን እያየ፣ «ብረቱ ዘግይቶ ነበር። ደርሷል። ወደ አጀንዳችን እንግባ» አለ።

ሸፈነኝ። እና እኔ ምን ተሰማኝ? እፎይታ! ተመስገን አልኩ በሆዴ። ልክ ተመስገን ስል ራሴን ተጸየፍኩት። ከዚያ ቆምኩ። መቆሜን ያወቅኩት ሰው ሁሉ ሲያየኝ ነው።

አጥርቼ አልተናገርኩም። ስንት ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆመ ምላስ ተሳሰረ። «ቁልፉ አልጠፋም። ኪሴ ነበር። ቶሎሳ በሬን ሲያንኳኳ ቤት ነበርኩ።» ይህንኑ ነው ያልኩት። የደምሴን ስም አላነሳሁም፤ ማንም እጄን አልጠመዘዘም። ኪሱ የእኔ፣ ወንበሩም የእኔ።

ደምሴ ራሱ ተነሳ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል! አላልኳችሁም? ይሄ ሰው ከማንም አይደለም!» ብሎ ወጣ። ሰዎቹ ተከተሉት፤ ከጠበቅኩት ያነሱ ናቸው፤ ቢሆንም ብዙ ናቸው። ወይንሸት ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ወንድሟ በአጠገቧ ሲያልፍ ግን ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር።

እውነት ብናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር። ነገሩ ባሰ። የቶሎሳ ወጣቶች «እንግዲያው ሸራውም ብረቱም እኛ ጋ ይሁን! ምክትል ተብዬውን እንኳ ካላመንነው!» ብለው ጮኹ። የቀሩት የእኛ ሰዎች ደግሞ «ሁሉን ልትጠቀልሉ? እንደዚያ ከሆነ እኛም ወጣን» አሉ። የእኔን ነውር ሁለቱም ወገን እንደ ድንጋይ አነሳው።

ሐጂ አማን በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ደማችሁ ፈልቷል። ለሚመጣው እሑድ» አሉና በተኑን።

በሩ ላይ ጠበቅኳቸው። ሊያልፉኝ ነበር፤ ቆሙ። «እኔ አብሽር ብዬህ ነበር» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ

ደምሴ አዲስ እድር እያቋቋመ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ ነው አሉ። እኛ ቤት አልመጣም። ወይንሸት ምሳ አቀረበችልኝ፤ አብራኝ አልበላችም። ከዚህ በፊት ተኳርፈን እንኳ አብረን ነው የምንበላው።

ጠዋት አዲስ አንቀጽ ሳረቅ ነበር። ሁለት ቁልፍ ይሁን፤ ሦስተኛው ሐጂ አማን ጋ ይቀመጥ፤ በሩ ሁለት ጓጉንቸር ይኑረው። ጽፌ ቀደድኩት።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተነቀለና ብረቱን ጋሪ መለሰው። ቶሎሳ አብሮ መጣ። ወጣቶቹ እንዳይመልስ ለምነውት ነበር፤ ጥሏቸው መጣ። አብረን አወረድን፣ አብረን ደረደርን። ሰርቪስ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ዘረጋሁለት።

«ያዘው» አልኩ። «ሸራውም ብረቱም በአንተ እጅ ይሁን። የሚገባኝ ይሄ ነው።»

አልተቀበለም። እጁን ከኋላው አደረገ።

«ሁለቱም እኔ ጋ ከሆነ ስምምነት መሆኑ ይቀራል፤ ማሸነፍ ይሆናል» አለ። «የእናንተ ሰዎች ያን ጊዜ ማንን አምነው ይቀራሉ? አንተው ያዘው።»

«ሰዎችህ እኔን አያምኑኝም፣ ቶሎሳ።»

«እኔም ገና አላመንኩህም» አለ። ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በሰርቪሱ ደረጃ ላይ ጠረገ፤ ቆየት ብሎ ቀና አለ። «ግን ሰው መሞቱን አይተውም። እመጣለሁ። ስመጣ ክፈትልኝ።»

ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ። እሱም አየኝና፣ ደህና ዋል ሳይል፣ በሩን ሳይዘጋ ሄደ።